ለቪዛ ፎርም ፎቶ ስታዘጋጁ

የአሜሪካ ቪዛ ማመልከቻ፣ ዲኤስ 160ን፣ ልትሞሉ ከሆነ ፎቶውን ቀድማችሁ ጨርሱት። ወርዱና ቁመቱ እኩል ይሁን፤ ከ600 እስከ 1200 ፒክስል። ፋይሉ ጄፔግ፣ ክብደቱም ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ። ፎቶ ቤት ስትገቡ ይህን ንገሯቸው። መነጽር አውልቁ፣ ከኋላችሁ ነጭ ይሁን። ከ6 ወር በላይ የቆየ ፎቶ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ፎቶውን ሲቀበል ነው። በቴሌግራም እንዲሁ ከተላከላችሁ ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይወርዳል። «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በሏቸው። የታተመውን ፎቶ በስልክ መልሶ ማንሳትማ በፍጹም አትሞክሩት! ጥላውና ነጸብራቁ ፊታችሁን ያበላሸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎርሙ ለ20 ደቂቃ ያህል ካልተነካ ይዘጋል። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ የማመልከቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ እየሞላችሁም ሴቭ አድርጉ።