ሥራው ሲረዝም ራስሽን እንዴት ትጠብቂያለሽ?

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ የምትኖሪ ከሆነ የሥራ ቀንሽ የሚጀምረው ቢሮ ስትገቢ ሳይሆን ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሚ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሪ። ለአንድ ሳምንት ከቤት የወጣሽበትን፣ የገባሽበትን፣ ማታ ወጡና ልብስ አጠባው የበላውን ሁሉ ስልክሽ ላይ ጻፊ። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣ ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሴቶች ላይ የድባቴ ምልክት በርከት ብሎ አግኝቷል፤ ወንዶቹ ላይ ግን ያን ያህል ልዩነት አላየም። (የቤቱ ሥራ ማን ላይ እንደሚወድቅ ለምናውቅ ብዙም አይገርምም።)

የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆንሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን እወቂ። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም፤ ነፍሰ ጡርን ደግሞ ጭራሽ ትርፍ ሰዓት ማሠራት አይቻልም። አለቃሽ ጋ ብቻሽን አትግቢ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ የመዘገብሽውን ይዘሽ ግቢ።

ቤት ውስጥ ባልሽን «አግዘኝ» ከማለት ሥራውን ስጪው። ማክሰኞና ሐሙስ እራት የሱ ነው፣ አለቀ።

እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ያለ ምክንያት አልቅሺ አልቅሺ ካለሽ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ሁሉ ካስጠላሽና ሁለት ሳምንት ካለፈው «ያልፋል» ብለሽ አትቀመጪ። ሰፈርሽ ያለው ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ካስፈለገ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሻል። አማኑኤል ሲባል «አበደች» ለሚል ሰው ጆሮ አትስጪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ነግረሽ አብራችሁ ሂዱ።