ድመት ያለበት ቤት፣ የማይለቅ ጉንፋን

ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ ማስነጠስ ይጀምራችኋል። ንፍጡ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፣ ዓይንና ላንቃ ያሳክካል፣ ትኩሳት ግን የለም። ሥራ ቦታ ቀለል ይላችኋል፣ ማታ ቤት ስትገቡ ይመለሳል። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ ይሄ ካልለቀቀ አለርጂ ጠርጥሩ። እኔ «ሳይነስ ነው» ተብዬ ክረምቱን ሙሉ ዳማከሴ ሲጨመቅልኝ፣ ድመታችን ቀን ቀን የምትተኛው ማታ ተከናንቤው በማድረው ጋቢ ላይ ነበር።

ብዙ ሰው ፀጉሯን ይወቅሳል። ዋናው ጣጣ ግን ምራቋና የቆዳዋ ቅባት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። ራሷን ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይቀራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፣ ሶፋውም ምንጣፉም መጋረጃውም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ፀጉሯ አጭር የሆነ ድመት ብታመጡም አትገላገሉም።

ጠዋት ጠዋት የሚብስባችሁ ከሆነ መኝታ ቤቱን አስቀድሙ። በሩ ቀንም ሌሊትም ይዘጋ። «ማታ ብቻ አስወጣታለሁ» አይሠራም፣ ቀን የተኛችበት አንሶላ ማታ ይጠብቃችኋል። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ እጠቡ፣ ጋቢውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፉበት፣ ለእሷ የራሷን ጨርቅ ሳሎን አንጥፉላት። እኔን ከሁሉም በላይ የረዳኝ ይሄ ነው።

ቤት ሲጠረግ የሚነሳባችሁ ከሆነ ጥፋተኛው ደረቁ መጥረጊያ ነው፣ የተቀመጠውን ብናኝ መልሶ ያስነሳዋል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ፤ ከተቻለ ምንጣፉን አንሱት።

ነክታችኋት እጃችሁ ሽፍ ካለ ቶሎ በሳሙና ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አትሹ። እሷን ማጠብ ግን ብዙም አያዋጣም፣ ፕሮቲኑ በጥቂት ቀን ውስጥ ይመለሳል።

መድኃኒት ላይ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ማስነጠሱንና ማሳከኩን ያስታግሳሉ፤ ሴትሪዚን አንዳንዱን ሰው ስለሚያስተኛ መኪና የምትነዱ ተጠንቀቁ። ሐኪም አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ የስቴሮይድ ስፕሬይ ካዘዘላችሁ በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትተዉት፣ በየቀኑ ሲወሰድ ነው ቀስ እያለ የሚሠራው። አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ ግን ከአምስት ቀን በላይ አትጠቀሙ፣ መልሶ ይበልጥ ይደፍነዋል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻላችሁ ምክንያቱ ፍራሽ ውስጥ የሚኖሩ የአቧራ ተባዮች ሊሆኑ ይችላሉ። የቆዳ ምርመራ ይለየዋል።

ደረት ሲጨንቅ፣ ስትተነፍሱ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ሲሰማ፣ ሌሊት ሳል ሲቀሰቅሳችሁ፣ በተለይ ልጅ ላይ ከሆነ፣ አስም ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ ለማከም አትሞክሩ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ያኔ ድመቷን ለዘመድ መስጠት ግድ ሊሆን ይችላል። ከሰጣችኋት በኋላም ፕሮቲኑ ቤት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ሶፋውን፣ መጋረጃውን፣ ግድግዳውን ሳይቀር አጽዱ፤ በሁለተኛው ሳምንት «ለካ እሷ አልነበረችም» ብላችሁ አትደምድሙ።