የወተት ጥርስ ልታስነቅሉ ነው? ልጁን አብሉት
አልወልቅ ያለ የወተት ጥርስ ለማስነቀል ልጅ ይዛችሁ ወደ ጥርስ ሐኪም የምትሄዱ ከሆነ፣ ከቤት ሳትወጡ ጥግብ አድርጋችሁ አብሉት። ጥርሱንም አስቦርሹት።

ችግሩ የሚመጣው ከተነቀለ በኋላ ነው። ከመንቀሉ በፊት የሚሰጠው የማደንዘዣ መርፌ ከንፈርና ጉንጭን ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ያህል ያደነዝዛል። በዚህ መሃል የራበው ልጅ ምግብ ሲሰጠው የገዛ ከንፈሩን አብሮ ያኝካል። አያመውማ! ድንዛዜው ሲለቅ ከንፈሩ አብጦና ቆስሎ ይገኛል፤ ከጥርሱ በላይ የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። የጠገበ ልጅ ግን እስኪለቀው ይታገሳል።

ያም ሆኖ ዓይናችሁን አትንቀሉበት። የደነዘዘ ከንፈር መንከስ ለልጅ ጨዋታ ነው። ውሃ ከጠማው በብርጭቆ ስጡት፤ በስትሮ ሲመጥ ቁስሉ ላይ የረጋው ደም ሊነሳ ይችላል።

አንድ ነገር አደራ፦ ጥርሱ የሚነቀለው በሚያስተኛ መድኃኒት ወይም በሙሉ ሰመመን ከሆነ ይህን ምክር እርሱት። ያኔ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብና መጠጥ እንደሚያቆም ሐኪሙን ቀድማችሁ ጠይቁ።