ሩገር ቁጥር 1 ወይስ 1885 ሃይ ዎል፦ የ.45-70 አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ሲመርጡ

አሜሪካ ውስጥ በ.45-70 ካሊበር አንድ ጎራሽ የአደን ጠመንጃ ለመግዛት የተነሳ ሰው ጠየቅ ጠየቅ ሲያደርግ ሁለት ስሞች ይደጋገሙበታል። አንደኛው በ1967 ገበያ ላይ የወጣው ሩገር ቁጥር 1 ነው። ሁለተኛው ጆን ብራውኒንግ ነድፎት ዊንቸስተር ያወጣው፣ በዘመናችን ደግሞ ጃፓን ውስጥ ሚሮኩ በብራውኒንግና በዊንቸስተር ስም የሠራው 1885 ሃይ ዎል ነው። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው፤ ሁለቱም አስተካክለው ይመታሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ከባድ ጥይት ጎርሰው ቃታቸው ሲሳብ ነው፤ ምርጫውም ከትከሻዎ ይጀምር።

አሠራራቸው ይመሳሰላል። ከቃታው ስር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ሲገፉት መዝጊያው ብረት ቁልቁል ይንሸራተትና ማጉረሻው ይከፈታል። አንድ ጥይት በእጅ ያጎርሳሉ፣ ማንሻውን ይመልሳሉ፣ መዝጊያው ሽቅብ ወጥቶ ከጥይቱ ጀርባ ይቆማል። ውጅግራንና ስናድርን ከአያቶቹ ወሬ የሚያውቅ አንባቢ አንድ ጎራሽ ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የጥይት መጋዘንና ወደ ኋላ የሚሳብ መዝጊያ ስለሌለ ጠመንጃው ተመሳሳይ አፈሙዝ ካለው ተራ የአደን ጠመንጃ በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል።

መጀመሪያ ጥይቱን ይወስኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጠመንጃውን መርጦ ጥይቱን በኋላ ያስባል። .45-70 በ1873 ለአሜሪካ ጦር ሲወጣ 405 ግሬን እርሳስ በ70 ግሬን ጥቁር ባሩድ የሚገፋ ጥይት ነበር። 405 ግሬን ማለት 26 ግራም ገደማ ነው። ዛሬም በዚያው ልክ ለስላሳ ጥይት ይሸጣል፤ ከፍተኛ ግፊቱ በ28,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) የተወሰነ ነው፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 1,330 ጫማ ገደማ። በሌላ በኩል ለጠንካራ ጠመንጃ ብቻ የሚሞላ፣ 400 ግሬኑን እርሳስ በሰከንድ ወደ 1,900 ጫማ የሚያስኬድ ጥይት አለ። የሳጥናቸው ስም አንድ ነው፤ ትከሻ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ካሊበሮች ናቸው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የእርሳሱን ክብደት በፍጥነቱ ያባዙ፤ የባሩዱን ክብደት ደግሞ በ4,000 ያባዙና ይደምሩ፤ ድምሩን ለ7,000 ሲያካፍሉ፣ ያንን ደግሞ ለጠመንጃው ክብደት በፓውንድ ሲያካፍሉ ጠመንጃው ወደ ትከሻዎ የሚመጣበትን ፍጥነት በሰከንድ በጫማ ያገኛሉ። ያንን ፍጥነት በራሱ፣ ቀጥሎም በጠመንጃው ክብደት አባዝተው ለ64.4 ሲያካፍሉ የርግጫው ጉልበት በፉት ፓውንድ ይወጣል። ባለ 22 ኢንች አፈሙዙ ሩገር ያለ መነጽር ሰባት ከሩብ ፓውንድ (3.3 ኪሎ) ገደማ ነው። ባለ 28 ኢንቹ፣ ስምንት ማዕዘን አፈሙዝ ያለው 1885 ደግሞ ወደ ስምንት ከሦስት አራተኛ ፓውንድ (4 ኪሎ) ይጠጋል። በለስላሳው ጥይት የሩገሩ ርግጫ 21 ፉት ፓውንድ፣ የ1885ቱ 18 ይሆናል። በከባዱ ጥይት ሩገሩ 42፣ 1885ቱ 35 ይደርሳል። ለማነጻጸር፣ ስምንት ፓውንድ የሚመዝን የ.30-06 (የተለመደ የአደን ካሊበር) ጠመንጃ ባለ 180 ግሬን ጥይት ሲተኩስ 20 ገደማ ነው። እንግዲህ በለስላሳ ጥይት ማንኛውም አዋቂ ሁለቱንም ይችላቸዋል። በከባዱ ጥይት ቀላሉ ሩገር የ.30-06ን እጥፍ ይረግጣል።

ለአጋዘን ከባዱ ጥይት አያስፈልግም። ባለ 300 ወይም ባለ 405 ግሬኑ ለስላሳ ጥይት እስከ 150 ያርድ ድረስ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ በላይ ርቀት ላይ የሚያስቸግረው የጉልበት ማነስ አይደለም፤ የጥይቱ መውረድ ነው። በ100 ያርድ የተስተካከለ የ405 ግሬን ለስላሳ ጥይት 200 ያርድ ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከባዱን ጥይት ለትልቅ ድብና ለጎሽ ያቆዩት። ከ1873ቱ ስፕሪንግፊልድ ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አያስገቡት፤ ጥይቱ ይገባል፣ ጠመንጃው ግን አይችለውም።

ሰደፉን በእጅዎ ይዳስሱ

ለርግጫ ከክብደት ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሰደፍ ቅርጽ ነው፤ በእኛ ግምት ከክብደትም ይብሳል። የ1885 ሰደፍ በየሞዴሉ ይለያያል። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ የጎማ ትራስ አለው። አንዳንዱ ግን እንደ ድሮው እንደ ጨረቃ የጎበጠ የብረት ሽፋን አለው። ያ የጎበጠ ብረት ሁለት ሹል ጫፎች አሉት። ሰደፉን እንደ ዘመናዊ ጠመንጃ በደረት አጠገብ ካስገቡት የታችኛው ጫፍ ብብት አካባቢ፣ የላይኛው የትከሻ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ርግጫውም በሁለት ነጥብ ይወጋል። የተሠራው ወደ ክንዱ መነሻ ወጣ ተደርጎ፣ ቆሞ ለመተኮስ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አሥር ከባድ ጥይት ለሚተኩስ ሰው አይሆንም። ከባድ ጥይት ካሰቡ ይህን ሞዴል ይለፉት፤ ውበቱ አያታልዎት።

ሩገሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የጎማ ትራስ አለው፣ የሰደፉ አንገትም እንደ ሽጉጥ እጀታ ታጥፏል። ያ እጥፋት ቀኝ እጅዎ ርግጫውን እንዲጋራ ይረዳል። ጉድለቱ፣ በአሮጌዎቹ ላይ ጎማው ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል። በአውራ ጣት ጥፍርዎ ጫን ይበሉት፤ ጎማው ካልገባና ምልክት ካልያዘ ደንጊያ ሆኗል ማለት ነው፣ የመቀየሪያውን ዋጋ ከመግዣው ላይ ያስቀንሱ።

ርዝመቱን እንዲህ ይለኩ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማጉረሻውን ከፍተው በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ሰደፉን በክንድዎ እጥፋት ውስጥ አስገብተው ክንድዎን 90 ዲግሪ ያጥፉ፤ የሌባ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ መድረስ አለበት። ቀጥሎ አደን ላይ የሚለብሱትን ወፍራም ጃኬት ለብሰው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ወደ ትከሻ ያንሱና ዓይንዎን ይግለጡ። ዒላማ ማድረጊያውን ለማየት አንገትዎን ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት ማስገግ ካስፈለገ ሰደፉ አይመጥንዎትም። ጉንጭ ከእንጨቱ ርቆ ከተተኮሰ እንጨቱ ተመልሶ ጉንጭን ይመታል፤ ብዙ ሰው «ርግጫ» የሚለው ሕመም ይኸው ነው።

መዶሻና መቆለፊያ

የ1885 መዶሻ ውጭ ነው፣ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ይሳባል። የሩገሩ መዶሻ ውስጥ ተደብቋል፤ መቆለፊያው ከሰደፉ አንገት በላይ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ አለ፣ ወደ ፊት ሲገፉት ይከፈታል። ለግራኝ ሰው ሁለቱም ይመቻሉ።

የውጭ መዶሻ አደጋው አውሬው ሳይተኮስበት ሲሄድ ነው። የተሳበ መዶሻ በበረደ ወይም በረጠበ አውራ ጣት፣ ጥይት ከጎረሰ ማጉረሻ ላይ ቀስ አድርጎ መመለስ ግድ ይላል፤ ጣት ካመለጠ ጠመንጃው ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ መደብሩ ውስጥ ማንሻውን ዘግተው መዶሻው የት እንደቆመ ይመልከቱ፣ ሻጩም እንዴት እንደሚመለስ ያሳይዎት። አደን ላይ ደግሞ መዶሻውን ከመመለስዎ በፊት አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ማንሻውን ይክፈቱና ጥይቱን ያውጡ፤ መዶሻውን ባዶ ላይ ይመልሱ። መነጽር ሲገጠም መዶሻው ከስሩ ይገባና ጣት አያደርሰውም። በጎን የሚገጠም ትንሽ የመዶሻ ማራዘሚያ ይሸጣል፤ ከመነጽሩ ጋር አብረው ይግዙት።

አንዳንድ ቦታ ምርጫውን ሕጉ ራሱ ይወስንልዎታል። የሉዊዚያና የጥንታዊ መሣሪያ አደን ወቅት ደንብ ከሚፈቅዳቸው መካከል ከ.35 ካሊበር ጀምሮ የሆነ፣ መዶሻው ውጭ ያለ፣ ከ1900 በፊት ይሠራ የነበረ ዓይነት አንድ ጎራሽ ይገኝበታል። 1885 እዚህ ይገባል፣ መዶሻው የተደበቀው ሩገር አይገባም። ኦሃዮ ቀለሁ ቀጥ ያለ ጥይት ለአጋዘን ስትፈቅድ .45-70ም አብሮ ገብቷል። ሚሺጋን ግን በደቡባዊው ክልሏ የቀለህ ርዝመት ከ1.80 ኢንች እንዳይበልጥ ወስና ስለነበር 2.105 ኢንች የሆነው .45-70 እዚያ ውጭ ቀርቶ ነበር። ደንብ በየዓመቱ ይሻሻላልና ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የግዛትዎን የዘንድሮ ደንብ ያንብቡ።

ለወገኖቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ከተፈቀደለት ሻጭ ፎርም 4473 (የፌዴራል የጠመንጃ መግዣ ቅጽ) ሞልቶ፣ የኋላ ታሪክ ማጣሪያውን አልፎ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ ተከልክሏል፤ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ከተለዩት ጥቂት በሮች አንዱ ነው። ፎርሙ ላይ በስህተት የተሞላ መልስ ከጠመንጃው ዋጋ በላይ ያስከፍላል፣ ተረጋግተው ይሙሉት።

መነጽሩ

ሩገሩ አፈሙዙ ላይ የመነጽር ማሰሪያ ቦታ አብሮት ይመጣል። ችግሩ ማሰሪያው ወደ ፊት ራቅ ማለቱ ነው። አጭር የዓይን ርቀት ያለው መነጽር ካሰሩበት ሙሉ ክቡን ለማየት አንገትዎን ይዘረጋሉ፤ ያኔ በከባድ ጥይት የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብ ይቀድዳል። ቢያንስ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የዓይን ርቀት ያለው፣ ማጉላቱ ዝቅ ያለ (ከ1 እስከ 4 ወይም ከ2 እስከ 7) መነጽር ይምረጡ። ካልበቃ ወደ ኋላ የሚገፉ ቀለበቶች አሉ።

ያገለገለ ሲገዙ

ከአንገቱ ጀርባ፣ ብረቱ ከእንጨቱ የሚገናኝበትን መስመር በብርሃን ይመልከቱ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ርግጫው እንጨቱን እየፈለጠው ነው፤ በእያንዳንዱ ጥይት ይረዝማል። የሩገሩ ሰደፍ ከኋላ በሚገባ ረጅም ብሎን ነው የሚያዘው። ሰደፉን ይዘው ሲያወዛውዙት የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የጎማ ትራሱን ፈትተው በረጅም ካቻቢቴ ብሎኑን ያጥብቁ። ልል ሆኖ የተተኮሰበት ሰደፍ ነው በብዛት የሚሰነጠቀው።

የፊት እንጨቱ የሩገሩ የታወቀ ደካማ ጎን ነው። እንጨቱ ከመዝጊያው ቤት ወደ ፊት በወጣ የብረት ክንድ ላይ በአንድ ባዘነበለ ብሎን ይታሰራል። እንጨቱ አፈሙዙን ከተጫነ፣ አፈሙዙ ሲሞቅ ወይም እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ግፊቱ ይለዋወጣል፤ ዒላማው ላይ ቀዳዳዎቹ ከታች ወደ ላይ ይሰለፋሉ። አንድ የብር ኖት አፈሙዙና እንጨቱ መካከል አስገብተው ወደ ኋላ ይጎትቱ። የሚይዝበት ቦታ እንጨቱ የሚነካበት ነው። ያንን ቦታ በደቃቅ ሸካራ ወረቀት ያውርዱ፤ የተላጠውን እንጨት ወዲያው ዘይት ወይም ቫርኒሽ ይቀቡ፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ያብጣል። ካልበቃ ክንዱና እንጨቱ መካከል ቀጭን ሮንደላ ማስገባት ግፊቱን ይቀንሳል። ጠረጴዛ ላይ ሲተኩሱም የአሸዋ ከረጢቱን ከእንጨቱ ጫፍ ስር አያድርጉ፤ ወደ ማንሻው ያስጠጉት።

ከዚያ አሥር ጊዜ ባዶ ቀለህ አስገብተው ያውጡ። ሩገሩ ቀለሁን ወደ ኋላ በሞላ ያስፈነጥራል፤ ቀለህ የሚሰበስብ ሰው ሞላውን አስወግዶ ቀለሁ ወጣ ብሎ ብቻ እንዲቆም ማድረግ ይችላል። ጥይት ሲያጎርሱ በአውራ ጣት እስከ መጨረሻው ይግፉ። የቀለሁ ከንፈር አንድ ሚሊ ሜትር ከቀረ ሽቅብ የሚመጣው መዝጊያ ይያዝበታል። ማንሻውን በጉልበት አይዝጉ፣ መልሰው ይክፈቱና ጥይቱን ይግፉ።

የመጀመሪያው የተኩስ ቀን

የጆሮ መድፈኛ ከስር፣ የጆሮ መሸፈኛ ከላይ ያድርጉ፤ ሰው በርግጫ የሚደነግጠው ግማሹን በድምፁ ነው። ለስላሳ ጥይት ይዘው ይሂዱ፣ ከባዱን ቤት ይተዉት። ሦስት ተኩሰው አፈሙዙ እጅ እስኪያስችል ያቀዝቅዙ። ሰደፍና ትከሻ መካከል ክፍተት አይኑር፤ የፊቱ እጅ ጠመንጃውን ወደ ትከሻ ይሳበው እንጂ ከረጢቱ ላይ ልቅ አይተዉት። ጠረጴዛው ከፍ ቢል ይሻላል፣ ደረትዎ ቀና ይላልና ሰውነትዎ ከርግጫው ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል። ተጎንብሶ የተኮሰ ሰው ርግጫውን በአጥንቱ ይቀበላል። በአንድ ቀን ከ20 ለስላሳ፣ ወይም ከ10 ከባድ ጥይት በላይ አይተኩሱ።

ከዚያ ጓደኛዎ ጥይት ያጉርስልዎ፤ አንዳንዴ እውነተኛ፣ አንዳንዴ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ፣ እርስዎ ሳያዩ። ባዶው ላይ ቃታ ሲስቡ የአፈሙዙ ጫፍ ወደ ታች ከተሰበቀ መደንገጥ ጀምረዋል። ያ ከታየ በዚያ ቀን ጥይት መጨመር ይብቃ፣ በባዶ ጠመንጃ ቃታ መሳብ ይለማመዱ።

ምርጫው

በጥቅጥቅ ጫካ እየተራመደ የሚያድን፣ መነጽር የሚጠቀም፣ ለስላሳ ወይም መካከለኛ ጥይት የሚበቃው ሰው ሩገሩን ይውሰድ። ከ1885ቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ቀላልና 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጭር አፈሙዝ ያለው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በእጅ ይያዛል። ማማ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ በብረት ዒላማ ማድረጊያ መተኮስ የሚወድ፣ ከባድ እርሳስ ደጋግሞ የሚተኩስ ደግሞ ሰደፉ ጠፍጣፋና ጎማ ያለውን 1885 ይምረጥ፤ ክብደቱና ረጅሙ አፈሙዝ ተረጋግቶ ዒላማ ላይ ይቆማል። ቀላሉን ሩገር ከከባዱ ጥይት ጋር ማጣመር የሚያዋጣው ከመግዛቱ በፊት ያንኑ ጥይት በዚያው ክብደት ባለው ጠመንጃ አምስት ጊዜ ተኩሶ፣ ስድስተኛውን ያለ ማቅማማት ለሚያጎርስ ሰው ብቻ ነው። ብዙ የተኩስ ሜዳዎች ጠመንጃ ያከራያሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት እዚያ ይሞክሩት።