የሮለር ኩሽኔታን ንዝረትና የድካም ዕድሜ በሞዴል እንዴት ማስላት ይቻላል?

ኩሽኔታ የሚነዝረውም የሚደክመውም (ብረቱ በተደጋጋሚ ጭነት ብዛት የሚላጠውም) በአንድ ምክንያት ነው፦ እያንዳንዱ ሮለር ጭነት ያለበት ክልል ውስጥ ሲገባ ይጨመቃል፣ ሲወጣ ይለቀቃል። ብዙ ጊዜ ግን ዕድሜው ከካታሎግ ቀመር፣ ንዝረቱ ደግሞ ከሌላ ፕሮግራም ይሰላና ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። እዚህ የምናሳየው አካሄድ ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ ያወጣል፤ ከየሮለሩ ጭነት። ይህ ጭነት ትክክል ካልሆነ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ግራፍ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ለምሳሌ ኤንዩ 210 የሚባለውን ሲሊንደር ሮለር ኩሽኔታ እንውሰድ። በቺንጋ ወፍጮ የሚያዞር ባለ 4 ፖል ሞተር ላይ፣ በፑሊው በኩል የተገጠመ ነው እንበል። በ50 ኸርዝ መብራት በደቂቃ 1,480 ዙር ይዞራል። ቺንጋ ሻፍቱን ወደ ጎን አጥብቆ ስለሚስብ በዚህ በኩል ከኳስ ኩሽኔታ ይልቅ ሮለር ይመረጣል። በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጭነት 8 ኪሎ ኒውተን ይሁን፤ ወደ 815 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ እንደተንጠለጠለበት ማለት ነው። ለስሌቱ ፓይተን ወይም ኦክቴቭ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃል፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

ልኬቱን ከብረቱ ላይ ይውሰዱ

የኤንዩ 210 ቀዳዳ 50፣ የውጭ ዲያሜትሩ 90፣ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ለሞዴሉ የሚያስፈልገው ግን የውስጡ ነው። የውስጠኛው ቀለበት ትራክ (ሮለሮቹ የሚንከባለሉበት ገጽ) ዲያሜትር 59.5፣ የውጭኛው ትራክ 81.5 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 22 ስለሆነ የአንድ ሮለር ዲያሜትር 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የሮለሮቹ መሃል የሚዞርበት ክብ ዲያሜትርም 70.5 ነው። የሮለሩን ርዝመት 11 ሚሊ ሜትር፣ የሮለሮቹን ብዛት 16 እንውሰድ።

ብዛቱን በግምት አይሙሉት። አምራቾች በአንድ ዓይነት ቁጥር የተለያየ የሮለር ብዛት ይሰራሉ። ያረጀውን ኩሽኔታ አውጥተው በጣት ይቁጠሩ፣ ዲያሜትሩንም በማይክሮ ሜትር ይለኩ። 17 ሆኖ ሳለ 16 ብለው ከሞሉ የውጭ ቀለበቱ ድግግሞሽ (ሮለሮች በአንድ ነጥቡ ላይ በሰከንድ የሚያልፉበት ብዛት) በ10 ኸርዝ ይሳሳታል፤ ከዚያ በሜዳ የተለካው ከሞዴሉ ለምን እንዳልገጠመ ሲፈልጉ ቀኑ ይመሻል።

አራቱን ድግግሞሾች ያስሉ

የሻፍቱ ድግግሞሽ 1,480 ለ60 ሲካፈል 24.67 ኸርዝ ነው። የሮለሩ ዲያሜትር ለመሃል ክቡ ሲካፈል 0.156 ይመጣል። የቀሩት ከእነዚህ ይወጣሉ።

የኬጁ (ሮለሮቹን አራርቆ የሚይዘው ክፍል) ድግግሞሽ የሻፍቱ ግማሽ በ(1 − 0.156) ተባዝቶ 10.41 ኸርዝ ነው። ሮለሮች በውጭ ቀለበቱ አንድ ነጥብ ላይ የሚያልፉት በ16 ተባዝቶ 166.5 ጊዜ በሰከንድ ነው። በውስጥ ቀለበቱ አንድ ነጥብ ላይ ደግሞ 8 × 24.67 × 1.156 ማለትም 228.1 ኸርዝ። ሁለቱ ሲደመሩ የሮለሩ ብዛት በሻፍቱ ድግግሞሽ ተባዝቶ የሚመጣው 394.7 መውጣት አለበት፤ ካልወጣ የሆነ ቦታ ተሳስተዋል። ሮለሩ በራሱ ዛቢያ የሚሽከረከረው 77.1 ኸርዝ ነው። ሮለር ላይ ያለ ጉድፍ (ብረቱ ተላጦ የተፈጠረ ጉድጓድ) ግን በአንድ ሽክርክሪት አንዴ የውስጡን አንዴ የውጩን ትራክ ስለሚመታ የሚጠበቀው 154.2 ላይ ነው።

የየሮለሩን ጭነት ያግኙ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ብረት በብረት ላይ በመስመር ሲያርፍ የሮለሩ ጭነት ከመጨመቁ ጋር እኩል አያድግም፤ ጭነቱ የሚያድገው በመጨመቁ 10/9 ፓወር ነው። ለአረብ ብረት የአንድ መገናኛ ግትርነት (መጨመቅን የሚቋቋምበት መጠን) 80,600 በሮለሩ ርዝመት 8/9 ፓወር ተባዝቶ ይገኛል። ሮለሩ ከውስጥም ከውጭም ስለሚጨመቅ ያንን ለ2.16 እናካፍላለን። በ11 ሚሊ ሜትር ሮለር ወደ 314,000 ይመጣል፤ ጭነቱ በኒውተን፣ መጨመቁ በሚሊ ሜትር ነው። ፓወሩን ትቶ በቀጥታ መስመር መስራት የሚያጓጓ ማሳጠሪያ ቢሆንም ዋናው ስህተት እዚያ አይደለም። ዋናው ስህተት ክፍተቱን መርሳት ነው።

አዲስ ኤንዩ 210 በመደበኛ ደረጃው ከ30 እስከ 60 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) የራዲያል ክፍተት፣ ማለትም በሮለሮቹና በቀለበቶቹ መሃል ያለ ባዶ ቦታ፣ አለው። ሻፍቱ ላይ ተጠብቆ ሲገባ የውስጥ ቀለበቱ ይለጠጣል፤ ሲሞቅ ደግሞ ከውጩ የበለጠ ይሰፋል። ስለዚህ በሥራ ላይ የሚቀረው ከዚህ ያንሳል። 20 ማይክሮን እንውሰድ። የአንድ ሮለር መጨመቅ እንግዲህ የውስጥ ቀለበቱ ወደዚያ ሮለር የተጠጋበት መጠን ሲቀነስ የክፍተቱ ግማሽ ነው። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ሮለሩ ጭነት የለውም፤ ኮዱ ላይ ዜሮ ያድርጉት። ይህችን መስመር የረሳ ሰው ሮለሩ ቀለበቱን ወደ ራሱ ሲጎትት ያያል፤ በተፈጥሮ የሌለ ነገር ነው።

ሞዴሉን ከማዞርዎ በፊት አቁመው ይፈትሹት። 8,000 ኒውተን ወደ ታች ሲጫን የውስጥ ቀለበቱ ወደ 23 ማይክሮን ይወርዳል። አንድ ሮለር ልክ ታች ሲሆን እሱ 2,500 ኒውተን ገደማ፣ በግራና በቀኝ ያሉት እያንዳንዳቸው ወደ 2,130፣ ቀጥለው ያሉት ወደ 1,110 ይሸከማሉ። የተቀሩት 11 ሮለሮች ምንም አይሸከሙም። የጭነት ክልሉ ከታች ወደ ሁለቱም ጎን 64 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የእርስዎ ፕሮግራም ከእነዚህ ቁጥሮች ርቆ ከሄደ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።

ንዝረቱን ያስሉ

አሁን ሮለሮቹን በኬጁ ፍጥነት ያዙሩ። የውስጥ ቀለበቱና ሻፍቱ በጋራ አንድ ክብደት ሆነው ወደ ጎንና ወደ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ 20 ኪሎ ግራም እንበል። በእያንዳንዱ ቅጽበት ክብደት በፍጥንጥነት፣ ሲደመር ማብረጃ (ንዝረቱን የሚያበርድበት መጠን) በፍጥነት፣ ሲደመር የሮለሮቹ ኃይል ድምር ከውጭ ጭነቱ ጋር እኩል ነው። በአራተኛ ደረጃ ሩንጌ–ኩታ ዘዴ፣ ማለትም በትንንሽ የጊዜ እርምጃ እያሰሉ፣ ይፈቱት።

ከላይ ባገኘነው አቋም ዙሪያ የኩሽኔታው ግትርነት በአንድ ማይክሮን 780 ኒውተን ገደማ ነው። ይህ ከ20 ኪሎ ጋር ወደ 1,000 ኸርዝ የሚጠጋ የራስ ድግግሞሽ (ሲመታ በራሱ የሚነዝርበት) ይሰጣል። ማብረጃው በቀላሉ የማይለካ ቁጥር ነው። የተለመደው መነሻ ግትርነቱን በኒውተን በሜትር አድርጎ ከ0.25 እስከ 2.5 በመቶ ሺኛ ማባዛት ነው፤ እዚህ ከ1,950 እስከ 19,500 ይሆናል። በ5,000 ይጀምሩና ከተለካው ንዝረት ጋር እያስተያዩ ያስተካክሉት።

የሰዓት እርምጃው 5 ማይክሮ ሰከንድ ይሁን፣ ሩጫው 2 ሰከንድ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰከንድ ይጣሉት፤ ያ ሞዴሉ ከመነሻው ሲረጋጋ የሚፈጥረው እንጂ የኩሽኔታው ንዝረት አይደለም።

መጀመሪያ ጤነኛውን ኩሽኔታ ያስኪዱ። ጉድፍ ባይኖርም ንዝረቱን በየድግግሞሹ በሚያሳየው ግራፍ ላይ በ166.5 ኸርዝ ትንሽ ጫፍ ይታያል። ሮለሮቹ ሲያልፉ አንዴ አምስት አንዴ ስድስት ሆነው ስለሚሸከሙ ሻፍቱ ከ0.1 ማይክሮን በታች ከፍ ዝቅ ይላል። ይህንን ጫፍ አይቶ «የውጭ ቀለበቱ ተበላሽቷል» ማለት ደግመን ደጋግመን የምናየው ስህተት ነው።

ጉድፉን ያስገቡ

የድካም ጉድፍ ማለት ከትራኩ ላይ ተላጦ የወጣ ብረት ነው። በሞዴሉ ውስጥ ሮለሩ ጉድፉ ላይ ሲደርስ መጨመቁ በሆነ መጠን ይቀንሳል። በስንት? ብዙዎች የጉድፉን ጥልቀት ይሞላሉ። ሮለሩ ግን ክብ ነው፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ታች አይገባም። በውጭ ቀለበቱ ላይ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ጉድፍ 200 ማይክሮን ቢጠልቅም እንኳ ሮለሩ የሚወርደው 5 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። በ1 ሚሊ ሜትር 20፣ በ2 ሚሊ ሜትር 79 ማይክሮን ይወርዳል። ጥልቀቱ የሚያገባን ከነዚህ ሲያንስ ብቻ ነው።

ይህንን ከላይ ካገኘነው ጋር ያስተያዩት። ታች ያለው ሮለር የተጨመቀው 13 ማይክሮን ገደማ ነው። ስለዚህ ጉድፉ 0.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ ሲደርስ ሮለሩ ሙሉ በሙሉ ከጭነት ይላቀቃል፤ የሱን ድርሻ ጎረቤቶቹ በድንገት ይወስዱታል፣ ሲወጣም መልሶ ይመታል። ከዚያ በላይ ጉድፉ ቢጠልቅ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው፤ የሚያድገው በስፋቱ ነው።

የጉድፉን ጠርዝ እንደ ደረጃ ቀጥ አድርገው አይስሩት፤ ስሌቱ ራሱ የውሸት ጫጫታ ይፈጥራል። ግማሽ ሳይን ቅርጽ ይስጡት። ሮለሩ 1 ሚሊ ሜትሩን የሚያቋርጠው በ0.38 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ 5 ማይክሮ ሰከንድ እርምጃችን ይበቃዋል። የውጭ ቀለበት ጉድፍ ከ64 ዲግሪው ክልል ውጭ ከተቀመጠ በሞዴሉ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ኮዱ ተበላሽቶ አይደለም።

ዕድሜውን ያስሉ

መሠረቱ ሉንድበርግና ፓልምግሬን በ1947 ያወጡት ቀመር ነው፤ ዛሬ አይኤስኦ 281 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ይገኛል። የካታሎጉ የዳይናሚክ አቅም (እየዞረ የሚሸከመው ጭነት መለኪያ) ለጭነቱ ይካፈልና በ10/3 ፓወር ይነሳል፤ ውጤቱ በሚሊዮን ዙር ነው። አቅሙን 73.5 ኪሎ ኒውተን ብንወስድ 1,624 ሚሊዮን ዙር፣ ማለትም 18,300 ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህ ከ100 ተመሳሳይ ኩሽኔታዎች 90ዎቹ የሚደርሱበት ነው፤ የእርስዎ አንዱ ኩሽኔታ የሚሞትበት ቀን አይደለም። 95 በመቶ አስተማማኝነት ከፈለጉ በ0.64 ያባዙ፤ ወደ 11,700 ሰዓት ይወርዳል።

ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ጭነቱ 12 ኪሎ ኒውተን ቢሆንስ? 4,730 ሰዓት። ጭነቱ በግማሽ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ሩብ ይወርዳል።

ጭነቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ተራ አማካይ አይውሰዱ። 70 በመቶው ሰዓት 8፣ 30 በመቶው 12 ኪሎ ኒውተን ከሆነ ተራ አማካዩ 9.2 ነው፤ 11,500 ሰዓት ይሰጣል። እያንዳንዱን ጭነት በ10/3 ፓወር አንስተው፣ በሰዓቱ ድርሻ አባዝተው፣ ደምረው በ3/10 ሲመልሱት 9.64 ይሆናል፤ ትክክለኛው ዕድሜ 9,800 ሰዓት ነው። የንዝረት ሞዴሉ ከዕድሜው ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፦ ከሞዴሉ የወጣውን በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ ኃይል በዚሁ መንገድ ያጠቃልሉት። በየሮለሩ መስራት ከፈለጉ ለሚዞረው ቀለበት 4፣ ለቆመው 4.5 ፓወር ይጠቀሙ።

ጉድፍ ባለበት ሞዴል የወጣውን የምት ኃይል ግን እዚህ ቀመር ውስጥ አያስገቡ። ቀመሩ የሚቆጥረው የመጀመሪያው ጉድፍ እስኪታይ ድረስ ነው። ጉድፉ ከታየ ያ ዕድሜ አልቋል፤ ቀሪው የጉድፍ እድገት ጥያቄ ነው።

ቅባትና አቧራ

በ1,480 ዙርና በ70.5 ሚሊ ሜትር የመሃል ክብ ዘይቱ በሚሠራበት ሙቀት ቢያንስ 14 ሴንቲ ስቶክ ውፍረት (ቪስኮሲቲ) ያስፈልገዋል። የግሪሱ ዘይት 20 ሆኖ ከተገኘ ምጥጥኑ 1.43 ነው፤ ጥሩ ነው። የድካም ወሰኑ ጭነት (ንጹሕና በደንብ የተቀባ ኩሽኔታ ከሱ በታች የማይደክምበት) የስታቲክ አቅሙ፣ ማለትም ቆሞ የሚሸከመው የካታሎጉ ጭነት፣ ለ8.2 ተካፍሎ 8.5 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። በደንብ በተሸፈነ ኩሽኔታ የንጽህና መለኪያውን 0.5 ብንወስድ የአይኤስኦ ማስተካከያ ቁጥር 2.5 ገደማ ይወጣል፤ ዕድሜው ወደ 46,000 ሰዓት ያድጋል። መሸፈኛው ተቀዶ አቧራ ከገባና 0.1 ከሆነ ቁጥሩ ወደ 0.47 ወርዶ 8,700 ሰዓት ይቀራል። ጭነቱም ዙሩም ያው ነው። በወፍጮ ቤት አቧራ መሃል የሚሠራ ሞተር ከሆነ 0.5 ብሎ መሙላት ራስን ማታለል ነው።

መጣመምም አለ። ይህ ዓይነቱ ኩሽኔታ የሚታገሰው 4 የዲግሪ ደቂቃ ያህል ነው። በ11 ሚሊ ሜትር ሮለር ላይ ያ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12.8 ማይክሮን ነው፤ ከጠቅላላው መጨመቅ ጋር እኩል። ጭነቱ ወደ አንድ ጫፍ ተገፍቶ ብረቱ እዚያ ይደክማል። ይህንን ለማየት ሮለሩን በርዝመቱ ቢያንስ 30 ቁራጭ አድርጎ እያንዳንዱን ለብቻው ማስላት ያስፈልጋል።

ከተለካው ጋር ያስተያዩ

የንዝረት ሴንሰሩን በጭነቱ አቅጣጫ፣ የኩሽኔታው ቤት (ኩሽኔታው የተቀመጠበት ብረት) ላይ አጥብቀው ይግጠሙ። የተለካውንም የሞዴሉንም ሲግናል በራስ ድግግሞሹ ዙሪያ አጥልለው ኤንቨሎፑን (የንዝረቱን ከፍታ የሚከተለውን መስመር) አውጥተው ድግግሞሾቹን ይመልከቱ። የውጭ ቀለበት ጉድፍ 166.5ንና ብዜቶቹን ያሳያል። የውስጥ ቀለበት ጉድፍ ከ228.1 ግራና ቀኝ በ24.67 ርቀት ተጨማሪ ጫፎች ይኖሩታል፤ ጉድፉ ከሻፍቱ ጋር እየዞረ በየዙሩ ወደ ጭነት ክልሉ ስለሚገባና ስለሚወጣ ነው። የተለካው 166.5 ሳይሆን 164 ገደማ ላይ ቢመጣ ሮለሮቹ ትንሽ እየተንሸራተቱ ነው፤ በሞዴሉ የኬጁን ፍጥነት ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንሱ።

ልኬቱን ቺንጋው ወልቆ አይውሰዱ። ሮለር ኩሽኔታ በትክክል ለመንከባለል የዳይናሚክ አቅሙን 2 በመቶ ያህል፣ እዚህ ወደ 1.5 ኪሎ ኒውተን፣ ጭነት ይፈልጋል። ከዚያ በታች ሮለሮቹ እየተንሸራተቱ ስለሚሄዱ የሚመዘገበው ንዝረት ከሞዴሉ ጋር አይገጥምም፤ ትራኩንም ይቧጭረዋል።