አጋዘን አዳኝ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ምን ያድርግ?

ጎበዝ የአጋዘን አዳኝ ከሌላው የሚለየው በጠመንጃው አይደለም። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ስለሚከታተል ነው። ይህ እስኪገባኝ ሦስት የአደን ወቅት ፈጅቶብኛል።

ፈቃድ ማውጣቱንና ዒላማ መለማመዱን አልፈዋለሁ፤ የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ቀደም ብለው ይዩት። ኮቴ፣ በጠጥ፣ ወንዱ በቀንዱ የላጠው ዛፍ ካለ ይፈልጉ። አድፍጠው የሚጠብቁት በሚተኛበትና በሚበላበት ቦታ መካከል ባለው መንገድ ነው። አጋዘን በብዛት የሚንቀሳቀሰው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ስለሆነ ቀድመው ይድረሱ።

አሁን ወደ ነፋሱ። አጋዘን ያየውን ቆም ብሎ ያጣራል፤ ያሸተተውን ግን አያጣራም፣ ይሸሻል። ስለዚህ ነፋሱ ከእሱ ወደ እርስዎ መምጣት አለበት። አስቸጋሪው ተዳፋት ቦታ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። በረጋ ቀን እንግዲህ ጠዋት ከላይ፣ ማታ ከታች መሆን ይሻላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አፋፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ነፋሱ ፊቴን ይመታኛል። ተማምኜ ደግሜ አላየሁትም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሦስት አጋዘኖች ከታች ካለው ጫካ ወጡ። አንዷ ድንገት አንገቷን ቀና አደረገች። በፊት እግሯ መሬቱን መታ መታ አደረገች፣ በአፍንጫዋ ፉርር አለች። ሦስቱም በአንዴ ጠፉ። ማጅራቴን ቀዝቃዛ አየር ሲነካኝ እንደነበር ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ጠረኔን ይዞ ቁልቁል ወርዶባቸዋል።

በየ15 ደቂቃው ይፈትሹ። የደቀቀ ዱቄት በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዙና ጨመቅ አድርገው ወዴት እንደሚበን ይዩ። ጠረን ያጠፋል በሚባለው ስፕሬይ እኔ አላምንም፤ ትንፋሽዎን አያጠፋም። ነፋሱ ከተገለበጠ ቦታ ይቀይሩ፤ ካልሆነም ቀስ ብለው ይውጡ። ያልደነበረ አጋዘን ነገም እዚያው ይገኛል።

አዳኞች ለደህንነት የሚለብሱትን ብርቱካናማ ሰደርያ ያሳየኛል ብለው አያውልቁ። አጋዘን ቀለሙን ከአረንጓዴ በደንብ አይለየውም፣ ሌላ አዳኝ ግን ከሩቅ ያየዋል።

ጎኑን ሲሰጥዎ ልብና ሳንባው ወዳለበት፣ ከፊት እግሩ ጀርባ ያነጣጥሩ። ከኋላው ምን እንዳለ ካላዩ አይተኩሱ። ከተኮሱ በኋላ ተነስተው አይሩጡ፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ። የቆሰለ አጋዘን ካልተባረረ ቅርብ ቦታ ይተኛል። ጥይቱ ሆዱን ከመታው ደግሞ ለብዙ ሰዓታት ይታገሱ። ከዚያ መጀመሪያ ደም ያዩበት ቦታ ላይ ምልክት አስረው፣ ዱካውን ሳይረግጡ በጎኑ ይከተሉ።