ደጋፊ የሥነ ልቦና ሕክምና ስንሰጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ደጋፊ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ማለትም ታማሚው ኑሮውን እንዲቋቋም በንግግር የሚያግዝ ሕክምና፣ ከሚሰጡ አዳዲስ ባለሙያዎች ጋር ስሠራ ከሁሉ በላይ የሚያሰለቸኝ ስህተት ባዶ ማጽናኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤት የወጣ ልጃቸው ድምፁ የጠፋባቸውን እናት፣ አንድ ተለማማጅ ተናግረው ሳይጨርሱ «አብሽሩ እናቴ፣ በቅርብ ይመጣል» ሲላቸው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ «አሚን ልጄ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሚጠየቁት ሁሉ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር አንድም ነገር አልጨመሩም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲላቸው የከረመውን ለመስማት እኮ ሐኪም ቤት መምጣት አያስፈልጋቸውም! ማጽናናት የዚህ ሕክምና አንዱ መሣሪያ ቢሆንም፣ ባለሙያው በሚያውቀው ነገር ላይ ብቻ ሊመሠረት ይገባል። ልጁ ይመለስ አይመለስ አናውቅም፤ እንቅልፍ ማጣትና በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ እንዲህ ያለ መከራ በደረሰበት ሰው ላይ የሚታይ እንጂ የእብደት ምልክት አለመሆኑን ግን እናውቃለንና ልንነግራቸው እንችላለን። «ያለበትን ሳያውቁ መኖር እጅግ ይከብዳል፤ ሌሊቱን እንዴት ያሳልፉታል?» ቢባሉ ኖሮ የሚናገሩት ነበራቸው።

ታማሚውን ያቆመውን ምሰሶ መነቅነቅም ከዚህ የማይተናነስ ጥፋት ነው። «የአላህ ውሳኔ ነው» ብሎ ሥራውን የቀጠለ አባት «ሐዘንዎን እየሸሹ ነው» ተብሎ ሲፋጠጥ ማየት ያሳዝናል። የዚህ ሕክምና ግብ ምልክቶችን ማቅለል፣ ለራስ የሚሰጥን ግምት መመለስና ኑሮን የመቋቋም ችሎታን ማጠናከር ስለሆነ፣ የማይጎዳ መጽናኛ አይነካም። «አላመመኝም» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና በእርጋታ ሊነገረው ይገባል።

ጠበልንና ዱዓን ከመድኃኒት ጋር ማጣላት ታማሚውን ከማሸሽ ያለፈ ጥቅም የለውም። የባለሙያው ረጅም ዝምታም የታማሚውን ጭንቀት ይጨምራል። «ለምን መድኃኒቱን አቆሙ?» የሚለው ጥያቄ ወቀሳ ስለሚመስል «ምን ገጥሞዎት አቆሙት?» ይሻላል። ስለ ራስን ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በታማሚው ውስጥ አይተክልም፤ ፈርቶ ማለፍ ግን አደገኛ ነው።

ሙገሳም ቢሆን እውነት ካልያዘ ይታወቅበታል። ለወራት ከቤት ያልወጣች ሴት ሰኞ ገበያ ወርዳ በርበሬ ገዝታ ከተመለሰች፣ በደፈናው «ጎበዝ» ከሚባልላት «ግፊያውን ፈርተሽ ነበር፤ ያም ሆኖ የፈለግሽውን ገዝተሽ መጣሽ» ቢባልላት ያደረገችውን ራሷ ታየዋለች።

በመጨረሻ ደቂቃ ላይ ተጣድፎ ቀጠሮ መጻፍና መሸኘት ብዙዎች እንደ ስህተት የማይቆጥሩት ስህተት ነው። መጪውን ችግር አስቀድሞ መነጋገርና መለማመድ ከሕክምናው ዋና ሥራዎች አንዱ ነው። ታማሚዋን ለቅሶ ቤት ሰው ስለ ሕመሟ ቢጠይቃት ምን ብላ ትመልሳለች? ከገጠር የመጣው ታማሚ ከቀጠሮው በፊት መድኃኒቱ ቢያልቅ ወይም እንቅልፉ እንደገና ቢጠፋ፣ ለየትኛው ዘመዱ ይነግራል፣ በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያስ ማን ያደርሰዋል? ይህን ታማሚው በራሱ አንደበት ሳይናገረው ከክፍሉ መውጣት የለበትም።